ትራቨለሩን ከማስበየድህ በፊት

የደሴው ወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። 4 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነች የፋይበር ግላስ ጀልባ አለችው፤ ሸራዋ 8 ካሬ ሜትር፣ ቡሟ (ከሸራው ግርጌ ያለው አግዳሚ ዘንግ) 2 ሜትር ከ80። የሚነዳት ሎጎ ሐይቅ ላይ ነው። ድንገት ነፋስ ሲበረታ ቡሙን የሚይዘውን ዋናውን ገመድ ያላላል፣ ቡሙ ይነሳል፣ ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋ ትቆማለች። መልሶ ሲስብ ደግሞ ትዘነብላለች። ሰዎች "ትራቨለር ግጠምላት" አሉት፤ ዋናውን ገመድ ከጎን ወደ ጎን የሚያንሸራትት ሐዲድና ጋሪ ማለታቸው ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ በያጅ በበኩሉ "በግቢ በር ጎማና ሐዲድ እሠራልሃለሁ" ብሎታል። ምን ዓይነት ልምረጥ፣ ስንት ፑሊ ያስፈልገኛል፣ ምን ገመድ ልግዛ፣ እንዴትስ ላስተካክለው ይላል።

አብሽር፣ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ግን ለበያጁ ቀብድ ካልሰጠህ ቆይ። የግቢ በር ጎማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ። እኔ መርከብ ላይ በመካኒክነት ስሠራ ወደብ በቆምን ቁጥር ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ትንንሽ ሸራ ጀልባ ላይ ነበር። አሁን ኮምቦልቻ ብረት ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ የሸራውንም የብየዳውንም ወገን አውቃለሁ።

መጀመሪያ ሸራው ላይ ምን እየሆነ እንዳለ እንይ። ዋናው ገመድ ሁለት ሥራ ደርቦ ነው የሚሠራው። ቡሙን ወደ መሃል ያስጠጋል፣ ደግሞም ወደ ታች ይስባል። ቡሙ መሃል አካባቢ ሲሆን ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ታች ነው። የሸራውን የኋላ ጠርዝ የሚወጥረውም እሱ ነው። ገመዱን ስታላላው ቡሙ ወደ ውጪ ብቻ አይሄድም፣ ወደ ላይም ይነሳል። የኋላው ጠርዝ ይለሰልሳል፣ የሸራው የላይኛው ክፍል ተጠማዞ ይከፈታል። አንተ የፈለግኸው ሸራውን ትንሽ ማዞር ነበር፣ የተረፈህ ግን ቅርጹን ያጣ ጨርቅ ነው።

ትራቨለር እነዚህን ሁለት ሥራዎች ይለያያቸዋል። ከጀልባዋ ግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ሐዲድ አለ፣ ሐዲዱ ላይ የምትሄድ ጋሪ አለች፣ ዋናው ገመድ ከጋሪዋ ጋር ይታሰራል። ጋሪዋን ነፋስ ወደሚሄድበት ጎን ስትለቃት ሸራው ውጥረቱን እንደያዘ፣ በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በር፣ ሙሉውን ይዞራል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቅርጹ ግን አይበላሽም፣ ጀልባዋም አትቆምም። (ከዚህ በኋላ ነፋስ የሚመጣበትን "የላይ ጎን"፣ የሚሄድበትን "የታች ጎን" እላለሁ፣ ሁሌ ማርዘም አልፈልግም።)

አንድ ነገር ግን በጥያቄህ ውስጥ አላየሁም። ቫንግ አለህ? ከምሰሶው ሥር ተነስቶ ቡሙን ወደ ታች የሚይዘውን ገመድ ማለቴ ነው። ከሌለህ ከትራቨለሩ በፊት እሱን ግጠም። ትራቨለር የሚጠቅመው ሐዲዱ እስካለበት ድረስ ብቻ ነው፣ ቡሙ ከሐዲዱ ጫፍ ካለፈ በኋላ ወደ ታች የሚይዘው ቫንግ ነው። ነፋስ ከኋላህ ሲሆንማ ትራቨለሩ ምንም አያደርግልህም። ሌዘር የምትባለውን የአንድ ሰው ጀልባ ውሰድ። ሸራዋ 7.06 ካሬ ሜትር ነው፣ ካንተ ብዙም አይርቅም። ሐዲድ የላትም። ከኋላ በኩል ተወጥሮ የታሰረ ገመድ አለ፣ ፑሊዋ እሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች፣ የቀረውን ሥራ ጠንካራ ቫንግ ይሠራዋል። በዚህ ብቻ ዓለም አቀፍ ውድድር ይካሄድባታል። የገመዱ ዘዴ ጉድለቱ ፑሊዋ ራሷ ወደ ታች ጎን ሄዳ ትቆማለች እንጂ አንተ ወደ ላይ ጎን ልታመጣት አትችልም። ገንዘቡ ከሌለህ ግን በዚህ ሳምንት ልትሠራው የምትችለው ይሄ ነው፣ አታፍርበትም።

ገንዘቡ ካለህ ግን ላንተ ሐዲዱን እመርጣለሁ። ዙሪያውን ተራራ የከበበው ውሃ ላይ ነፋስ በአንድ ጉልበት አይነፍስም። ይቆማል፣ ከአንድ ሸለቆ ወርዶ ይመታሃል፣ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ እንደገና ይጠፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው ዋና ሥራው በሰከንድ ውስጥ መልቀቅና መልሶ መሰብሰብ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምልህን ሁሉ በአንድ ጥያቄ መዝነው፦ ቶሎ ይለቃል ወይ? ጋሪዋን ለመሳብ ጉልበት አታጣም፣ የሚያስቸግረው ቶሎ አልለቅም ማለቷ ነው።

ከፍታውን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለ። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል፣ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስም በዚያው መጠን ያነሰ ይገፋል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ባንተ 8 ካሬ ሸራ ላይ ባሕር ዳርቻ ወደ 65 ኪሎ ቢገፋ፣ እዚህ 54 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የውጭ ካታሎግ ላይ ለጀልባህ መጠን የተጻፈውን ዕቃ ከገዛህ በቂ ነው፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ልግዛ ብለህ ብርህን አታባክን። መጥፎው ዜና ፀሐዩ ነው። ከፍታው ሲጨምር የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል፣ ገመድና ፕላስቲክ ቶሎ ይበላል።

አሁን ሐዲዱ የት ይሁን? ሁለት ምርጫ አለህ። ዋናው ገመድ ከቡሙ ጫፍ ከሆነ ሐዲዱ ከኋላ በኩል ይሆናል። ከቡሙ መሃል ከሆነ ደግሞ መቀመጫው መሃል ላይ ያርፋል። ሂሳቡን ላሳይህ። ጋሪዋ ከመሃል 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ብትሄድ፣ በቡሙ ጫፍ በኩል ሸራው የሚዞረው 12 ዲግሪ ገደማ ነው። በቡሙ መሃል ብትይዘው ያው 60 ሳንቲ 25 ዲግሪ አካባቢ ይሰጥሃል። ብዙ ዲግሪ ጥሩ ይመስላል፣ ግን በዚያው ልክ ገመዱ ላይ የሚመጣው ጭነት ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ቡሙም መሃሉ ላይ ይጎብጣል። በዚያ ላይ መሃል ላይ የተጋደመ ሐዲድ ጎን በቀየርክ ቁጥር እግርህን ይመታሃል፣ ቅልጥምህ ያውቀዋል። ለአንተ ከኋላ ይሁን እላለሁ። መሪው ግን ከሐዲዱ ሥር በነፃነት ማለፍ አለበት። መጀመሪያ መሪውን ወዲያና ወዲህ እስከ መጨረሻው አዙርና የሐዲዱን ከፍታ ከዚያ ተነስተህ ለካ። ብዙ ሰው ከሰቀለው በኋላ ነው መሪው እንደማያልፍ የሚያየው።

ሐዲዱ ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ የታጠፈ የሚል ጥያቄም ሊመጣብህ ይችላል፣ ትልልቅ ጀልባዎች ላይ የታጠፈ ስለምታይ። ባንተ መጠን አያስፈልግም። ጋሪዋ ጫፍ ስትደርስ ቡሙ በቅስት ስለሚዞር ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ 7 ሳንቲ። ገመዱ 50 ሳንቲ ቁመት ካለው በዚህ ምክንያት የሚለወጠው ርዝመት ግማሽ ሳንቲ እንኳን አይሞላም። ቀጥ ያለውን አሠራ።

ወደ በያጁ እንመለስ። የግቢ በር ጎማ ከላይ የሚመጣ ክብደት ለመሸከም ነው የተሠራው። ጎማው አንግል ብረት ላይ ተቀምጦ በሩን ይሸከማል፣ እሱን እዚያው የሚያቆየው የበሩ ክብደት ነው። ጀልባህ ላይ ግን ጭነቱ ወደ ላይ ነው። ዋናው ገመድህ 4 ለ 1 ከሆነ አንተ 25 ኪሎ ስትስብ ጋሪዋ ወደ 100 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ወደ ሰማይ ትሳባለች። በመጀመሪያው ነፋስ ጎማው ከሐዲዱ ላይ ይነቀላል፣ ቡሙም ገመዱም ይዘውት ይሄዳሉ። በያጁ ክፋት የለበትም፣ የሚያውቀው በር ነው።

በር ሥራ ውስጥ ግን የሚሆንህ ዕቃ አለ። ከላይ ተንጠልጥሎ የሚንሸራተተውን በር ታውቀዋለህ? ሐዲዱ ከታች በኩል ስንጥቅ ያለው ባዶ ፕሮፋይል ነው፣ ውስጡ ባለ አራት ጎማ ጋሪ ትሄዳለች፣ ከጋሪዋ ብሎን ወደ ታች ወርዶ በሩን ይይዛል። እሱን ገልብጠው። ስንጥቁ ወደ ላይ፣ ብሎኑ ወደ ላይ። አሁን ጋሪዋ ወደ ላይ ስትሳብ ጎማዎቹ በፕሮፋይሉ ከንፈሮች ላይ ተደግፈው ይሽከረከራሉ፣ ልክ በሩን ተሸክመው እንደሚሽከረከሩት። ብሎኑ ላይ የዋናውን ገመድ ፑሊ ታስራለህ። ትንሿን መጠን ምረጥ፣ ለከባድ የመጋዘን በር የሚሆነው ለአንተ ጀልባ ከልክ በላይ ከባድ ነው።

ሲሠራ የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች አሉ። ስንጥቁ ወደ ላይ ስለሆነ ውሃና አሸዋ ይገባበታል፣ ስለዚህ ከሥሩ በየ20 ሳንቲው በትራፓኖ ቀዳዳ ያውጣለት። ጎማዎቹ ናይለን ቢሆኑ ይሻላል፣ ብረት ከሆኑ ግን ኩሽኔታቸው የተሸፈነ መሆን አለበት። ሁለቱም ጫፎች ላይ ብሎን ከዳር እስከ ዳር ይለፍ፣ ከፊቱ ወፍራም ጎማ ይደረግበት። ጋሪዋ በፍጥነት ሄዳ ጫፉን ስትመታ የሚያስቆማት እሱ ነው፣ በብየዳ ነጥብ ብቻ የተያዘ መዝጊያ እንዳይሠራልህ። ሐዲዱን ከጀልባዋ ጋር ስትገጥም ደግሞ በቡለን መሆን አለበት እንጂ በእንጨት ቪስ አይሞከርም። ወደ ላይ የሚሳብ ነገር ቪስ ከፋይበር ግላስ ውስጥ እየነቀለ ይወጣል። ቡለኑ እስከ ሥር ይለፍ፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላ ብቻ ሳይሆን የላሜራ ወይም የኮምፔንሳቶ ማጠናከሪያ ይደረግ፣ ቀዳዳው ውሃ እንዳያስገባ በማሸጊያ ይሞላ፣ ከዚያ ዳዶው ይጥበቅ። የሐዲዱ መሃል አየር ላይ ከቀረ ደግሞ ሲጎትት ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ጋሪዋ ትይዛለች። ከሥሩ ካሬ ቱቦ ይደገፍ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ሃርከን ወይም ሮንስታን የሚሠሩትን አነስተኛ ሐዲድና ጋሪ ማስመጣት ይቻላል፣ ጥሩም ነው። እኔ ግን ለአንተ ሐዲዱን እዚህ አሠርቼ የዘመዱን ሻንጣ ለካም ክሊት (ገመድ ነክሶ ለሚይዘው ዕቃ) እና ለፑሊ ብቻ ባውለው እመርጣለሁ።

ስንት ፑሊ? በየጎኑ 2 ለ 1 ይበቃል፣ ጨርሶ አትጨምር። ዋናው ገመድ ጋሪዋን 100 ኪሎ ወደ ላይ ሲስባት፣ ገመዱ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ወደ ጎን የሚስባት 27 ኪሎ ገደማ ነው። በ2 ለ 1 ስታካፍለው 13 ወይም 14 ኪሎ፣ ሰበቃውን ጨምረህ ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ እጅ ይችለዋል። "4 ለ 1 ባደርገው ይቀለኛል" ትል ይሆናል። ይቀልሃል፣ ግን ጋሪዋን 60 ሳንቲ ለማንቀሳቀስ 2 ሜትር ከ40 ገመድ መሳብ አለብህ፣ በ2 ለ 1 ግን 1 ሜትር ከ20 ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ስትለቅ ነው። ያ ሁሉ ገመድ በእያንዳንዱ ፑሊ እየተሻሸ ማለፍ አለበት፣ ነፋሱ መካከለኛ ሲሆን ጋሪዋ ራሷ መውረድ ያቅታትና በእግርህ ስትገፋት ትገኛለህ። ገመዱ አንዱ ጫፉ ከሐዲዱ ጫፍ ይታሰራል፣ ወደ ጋሪዋ ፑሊ ይሄዳል፣ ተመልሶ በሐዲዱ ጫፍ ፑሊ ዞሮ ወደ ካም ክሊቱ ይገባል። በሌላውም ጎን እንደዚሁ። ሁለቱን በተለያየ ቀለም ግዛቸው፣ ጭንቅ ሲመጣ "የትኛው ነበር" እያልክ አትቆምም።

ካም ክሊት ያልኩህ በሁለት ጥርሳም ጉንጮቹ ገመዱን ነክሶ የሚይዘው ነው። ስትስብ ያልፋል፣ ስትተው ይይዛል፣ ወደ ላይ ነጠቅ ስታደርገው ይለቃል። እዚህ ላይ አትቆጥብ። ገመዱን በቋጠሮ ወይም በቀንድ ላይ ጠምጥሞ ማሰር ለመርከብ ማቆሚያ ጥሩ ነው፣ ነፋሱ ሲመታህ ግን ፈትተህ እስክትጨርስ ውሃ ውስጥ ነህ። ክሊቱን ስትገጥም ከመበሳትህ በፊት የላይ ጎን ላይ፣ ነፋሱ ሲበረታ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጥና ገመዱን ያዝ። ክንድህ ከየት አንግል እንደሚስብ እይ። ከፍ ብለህ ስለምትቀመጥ ገመዱ ሁሌ ወደ ላይ ይሳባል፣ ክሊቱ ጠፍጣፋ ከተገጠመ ገመዱ ከጉንጮቹ እየወጣ አልያዝ ይልሃል። ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ አድርገህ ፊቱን ወደ አንተ ቀና አድርገው። ይህን የሚያክል ትንሽ ነገር ነው ትራቨለርን የሚወደድ ወይም የሚጠላ የሚያደርገው።

ገመድ ላይ ተጠንቀቅ። ፒያሳ ብትጠይቅ ሁሉም "ናይለን ነው" ይሉሃል። አብዛኛው ሰማያዊና አረንጓዴው ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ያንሸራትታል፣ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሰባበራል። ቁራጭ ቆርጠህ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣለው፣ ከተንሳፈፈ እሱ ነው፣ ተወው። የሚሰምጠው ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሆናል። ናይለን በጣም ይለጠጣል፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ለመልህቅ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ፖሊስተር ነው የምትፈልገው፣ የተጎነጎነ። 6 ሚሊ ጥንካሬው ይበቃል፣ እጅህ ግን 8 ሚሊ ይወዳል። ፑሊውም ከ4 ሳንቲ ያላነሰ ይሁን፣ ትንሽ ፑሊ ገመድን ያደክማል።

ግራሶ! እኛ ጋ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ግራሶ ይቀባል። ይህንን አትቀባ። አሸዋና አቧራ ይይዝና ጎማውን ይፈጫል፣ ሸራህንም ያበላሻል። ስትመለስ ባልዲ ንፁህ ውሃ አፍስስበት፣ ይደርቅ፣ በቃ። የፋብሪካውን ጋሪ ካስመጣህ ደግሞ ውስጡ ትንንሽ የፕላስቲክ ኳሶች ሊኖሩ ስለሚችሉ ከሐዲዱ በዘፈቀደ አታውጣት፣ ኳሶቹ ሊበተኑብህ ይችላሉ።

አሠራሩ ካለቀ በኋላ አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ነፋሱ ደካማ ሲሆን ጋሪዋን ከመሃል ወደ ላይ ጎን አምጣት፣ ዋናውን ገመድ ግን አላላው። ቡሙ መሃል ላይ ይቆማል፣ ከመሃል እንዳያልፍ ብቻ። የሸራው ላይኛው ክፍል ትንሽ ይከፈታል፣ ደካማ ነፋስ ይህን ይወዳል። ነፋሱ መካከለኛ ሲሆን ጋሪዋ መሃል ትመለስ፣ ዋናው ገመድ ይጥበቅ። ምን ያህል? የላይኛው የሸራ ዘንግ (ሸራው ውስጥ የገባው ቀጭን ዱላ) ከቡሙ ጋር ትይዩ እስኪሆን። እዚያ ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ቁራጭ ክር ስፋበት፣ ክሩ አንዳንዴ እየተንሳፈፈ አንዳንዴ ከሸራው ጀርባ እየተደበቀ ከሆነ ልክ ነህ። ሁሌ ከተደበቀ ዋናውን ገመድ ትንሽ አላላው።

ነፋሱ ሲበረታ ነው ትራቨለሩ ዋጋውን የሚከፍልህ። ምልክቱን መሪው ይነግርሃል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ልታዞር ስትታገል መሪው እጅህን ይጎትተዋል። ያኔ ዋናውን ገመድ አትንካው። ጋሪዋን 10 ወይም 15 ሳንቲ ወደ ታች ጎን ልቀቃት። ጀልባዋ ቀና ትላለች፣ መሪው ይለሰልሳል፣ ፍጥነቷም አይሞትም። ነፋሱ ሲያልፍ መልሰህ ሳባት። ጋሪዋ የሐዲዱ ጫፍ ደርሳ አሁንም ከበዛብህ፣ እዚያ ላይ ቫንጉን አጥብቀህ ዋናውን ገመድ ማላላት ትጀምራለህ። ያም ካልበቃ ሸራውን አሳንስ ወይም ወደ ዳር ተመለስ፣ ከዚያ በላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

ከሐዲዱ ጎን በየ10 ሳንቲው በማርከር ምልክት አድርግ። "ትናንት በዚህ ነፋስ የት ነበርኩ" የሚለውን በዓይን ታገኘዋለህ።

ነፋስ ከኋላ ሆኖ ሸራው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲገለበጥ ግን ትራቨለር አደገኛ ነው። ጋሪዋ ከተለቀቀች በቡሙ ጉልበት ሐዲዱን ሙሉ ሮጣ ጫፉን ትመታለች፣ መንገዷ ላይ ጣት ካለ አትጠይቅ። ሸራውን ከመገልበጥህ በፊት ጋሪዋን መሃል አምጣና በሁለቱም ክሊት እሰራት፣ አብሮህ የሚቀመጠውንም ሰው እጁን ከሐዲዱ እንዲያነሳ ንገረው።

መጀመሪያ ሐይቁ ላይ አትሞክረው። ጀልባዋን መሬት ላይ አቁም፣ ሸራውን ስቀል፣ ቀለል ያለ ነፋስ ባለበት ቀን አንድ ሰው ቡሙን ወደ ላይና ወደ ታች ጎን በእጁ ይጎትት፣ አንተ እየለቀቅክና እየሰበሰብክ ሞክር። ጋሪዋ የምትይዝበት ቦታ ካለ እዚያው ይታያል፣ በያጁም አጠገብህ እያለ ይስተካከላል። ኮምቦልቻ ስትወርድ የመሪውን ከፍታ፣ የጀልባዋን የኋላ ስፋትና ቡሙ ከሐዲዱ በላይ ስንት ሳንቲ እንደሚሆን ለክተህ በወረቀት ያዝ፣ ፎቶ ብቻ ይዘህ አትምጣ።